ሃሊና ካሜራዋን በመዳፏ የሸፈነች ዕለት

ያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሳሎኔ ውስጥ ከነበርነው ሰዎች መካከል እናቴ መሞቷን የማናውቀው ሁለታችን ብቻ ነበርን። አንደኛው እኔ ነኝ። ሁለተኛዋ ካሜራ ይዛ ፊት ለፊቴ የቆመችው ፖላንዳዊት ሃሊና ናት። ሌሎቹ ሁሉ ያውቁ ነበር፤ ባለቤቴም ጭምር። እያወቁም እኔ የእናቴን ምስል በቴሌቪዥን እያየሁ ስስቅ ዝም ብለው ያዩኝ ነበር።

በዚህ ቂም ይዤ አይደለም የምጽፈው። እንዲያውም እስከ ዛሬ ማንን መቀየም እንዳለብኝ አላውቅም። ምናልባት ከሥሩ ጀምሬ ብተርከው ለእኔም ለእናንተም ይገለጥልን ይሆናል።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ከገባ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ከተማ፣ ሴዳር ሪቨርሳይድ በሚባለው ሰፈር ከሚገኙት ረጃጅም ፎቆች በአንዱ ከባለቤቴ ከራህመት ጋር እኖር ነበር። ሥራዬ ፍሪድሊ በምትባል አጎራባች ከተማ ነው። የሕክምና ዕቃ በሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ከእግር እስከ ራሴ በነጭ ልብስ ተጀቡኜ፣ ልብ ድረስ ይገባል የሚባል ቀጭን ቱቦ በማጉያ መነጽር እያየሁ ጫፉን እቆርጣለሁ። በዚያ ልብስ የተነሣሁትን ፎቶ ለእናቴ ብልክላት ጊዜ፣ ለጎረቤት ሁሉ ልጄ ዶክተር ሆነ ብላ አወራች። አይደለሁም ብዬ በስልክ ብነግራትም ያወራችውን መልሳ ለመዋጥ ፈቃደኛ አልነበረችም።

እናቴ ዘይነባ ኮምቦልቻ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ አልጋ ቤት ነበራት። ሾፌሮች፣ ነጋዴዎች፣ መኪና የተበላሸባቸው መንገደኞች የሚያድሩበት፣ ስሙ እንኳ በሩ ላይ ያልተጻፈ ቤት ነው። ከአገር ከወጣሁ ወዲህ አላየኋትም። በየዓመቱ ለመሄድ እነሣና አንድ ነገር ይመጣል። መጀመሪያ ወረቀቴ አላለቀም፤ ከዚያ ዜግነቱን ልያዝ ተባለ፤ ከዚያ ራህመት ትምህርት ጀመረች፤ ከዚያ ፋብሪካው ሰው ቀነሰና የቀረነው ፈቃድ ተከለከልን። ውሸት አልነበረም፤ ሁሉም እውነተኛ ምክንያት ነበር። ዘንድሮ እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ፣ እላታለሁ። እሷም ኢንሻአላህ ትላለች።

ሃሊና እዚህ ታሪክ ውስጥ የገባችው በዚያ አልጋ ቤት በኩል ነው። በደርግ ጊዜ የአንድ የፖላንድ መንግሥት ጋዜጣ ወጣት ጋዜጠኛ ነበረች። አገሯ ወዳጅ አገር ስለሆነ፣ የመንግሥት እርሻ አይታ እንድትጽፍ ወደ ወሎ ተላከች። ኮምቦልቻ ስትደርስ ሆቴሉ ለስብሰባ በመጡ ባለሥልጣኖች ተይዞ ኖሮ፣ አጃቢዎቿ እየተሳቀቁ ወደ እናቴ ቤት አመጧት። ለአንድ ሌሊት የመጣች ሴትዮ ከረመች። እናቴ ስሟን አፏ ውስጥ አገላብጣ ‘ሀሊማ’ አለቻትና በዚያው ቀረ። አማርኛ የለመደችው ከእናቴና ከከባድ መኪና ሾፌሮች ስለሆነ ግማሹ ምርቃት፣ ግማሹ ስድብ ነበር። ካቶሊክ ሆና ወላሂ ብላ ትምል ነበር።

ያን ጊዜ የጻፈችውን አለቆቿ ቆራርጠው አወጡት። እርሻውን የሚያሞግሰው ብቻ ታተመ፤ ሰዎቹ የተናገሩት ተቆርጦ ተጣለ። “ዓረፍተ ነገር መቁረጥ ቀላል ነው፤ ፊት መቁረጥ ግን ይከብዳቸዋል ብዬ ፊልም ተማርኩ” ትለን ነበር። እንዳሰበችው አልሆነም፤ ፊቱንም ቆረጡባት። በኋላ የአገሯ መንግሥት ሲለወጥ ግን በነጻነት መሥራት ጀመረች፤ ከዓመት ዓመትም ስሟ ገነነ። የከሰል ማዕድን ሠራተኞችን ሚስቶች፣ ግድብ ለሁለት የከፈለውን መንደር፣ እስረኞችን ቀርጻለች። በየመሀሉ ኮምቦልቻ ትመጣለች። እናቴ ሃሊናን ከእኔ ይልቅ ብዙ ጊዜ አይታታለች።

የሃሊና አሠራር አንድ ነው። ብቻዋን ትሠራለች፤ ረዳት የላትም። ተለያይተው ከሚኖሩ ሰዎች የአንዱን መልእክት ትቀርጽና ሌላው ወዳለበት ይዛ ትሄዳለች። ከዚያ መልእክቱን በቴሌቪዥን እያሳየች የተቀባዩን ፊት ትቀርጻለች፤ ወዲያውም መልሱን ትቀበላለች። አስቀድሞ ምንም አትናገርም። ፊት እውነት የሚናገረው አንድ ጊዜ ነው፣ ሁለተኛው ትያትር ነው ትላለች። ካሜራ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ፣ ቤት ቢቃጠል እንኳ፣ አትዘጋም። ይህን እንደ ቀልድ ነበር የምንሰማው።

የመጨረሻ ፊልሟ ልጆቻቸው የተሰደዱባቸው እናቶች ላይ ነበር። ኮምቦልቻ ሄዳ እናቴን ቀረጸች፤ አገሯ ተመልሳ ትንሽ ቆይታ ወደ እኔ ልትመጣ ተነሣች። የምትደርሰው ዓርብ ነው። እናቴ የሞተችው በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ነው። ድንገት ነው፤ ታመመች እንኳ አልተባለም። እንደ ደንባችን የዚያኑ ዕለት ተቀበረች።

ወንድሜ ለእኔ አልደወለም። መርዶ በስልክ አይነገርም። የደወለው ለሐጂ ሰይድ ነው። ሐጂ ከፎቃችን ሥር የሥጋና የሸቀጥ ሱቅ ያላቸው፣ የወሎ ሰው ሁሉ እንደ አባት የሚያያቸው ሽማግሌ ናቸው። እዚህ አገር መርዶ የሚነገረው በእሳቸው ነው። ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ፤ ሰው ይሰበሰባል፣ ሬሳ ባይኖርም ሰው አለ እንዲባል፣ ገና ሥራ ሳይወጣ በማለዳ ቤቱ ይኬዳል። ሐጂ ከሁለት የመስጊድ ሰዎችና ከራህመት ጋር ተማከሩ። ወዲያው እንንገረው ያለ ነበር። ሐጂ ግን ሃሊና የእናቴን ምስል ይዛ እየመጣች መሆኑን ከእኔው አፍ ሰምተዋል። ይህን ሁሉ ዓመት ሳያያት ኖሮ፣ አሁን ብንነግረው የሚያየው የሞተች እናት ነው፤ ቅዳሜ ግን በሕይወት እንዳለች በደስታ ያያታል፣ እሑድ ማለዳ እናረዳዋለን አሉ። ሁሉም ተስማሙ። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን ምናልባት እስማማ ነበር።

አሁን መለስ ብዬ ሳስበው ምልክቱ ሁሉ ፊቴ ነበር። ረቡዕ ዕለት እናቴ ዘንድ ልደውል የስልክ ካርድ ፍለጋ ወደ ሐጂ ሱቅ ወረድኩ። ካርዱ ከጀርባቸው በረድፍ ተንጠልጥሎ እያየሁት “አልቋል” አሉኝ። ሥጋውን ደግሞ፣ ለማንም የማያደርጉትን፣ እሳቸው ራሳቸው ስብ ስቡን አውጥተው መርጠው ቆረጡልኝ። ሐጂ ዛሬ አንድ ነገር ሊያዙኝ ነው ብዬ እየሳቅሁ ወጣሁ። ራህመት ያን ሳምንት ሙሉ አልተቆጣችኝም። ጫማዬን መሀል ቤት ጥዬ ብገባም ምንም አላለችም። ይሄ ብቻውን ሊያስደነግጠኝ ይገባ ነበር።

ዓርብ ሺፍቴን ለጓደኛ ሰጥቼ ኤርፖርት ሄጄ ሃሊናን ፒክ አደረግኋት። ሸምግላለች፤ ፀጉሯ ነጥቷል፤ ካሜራዋን ግን ለማንም አታስይዝም። መኪናዬ ውስጥ እንደገባች ስለ እናቴ ጀመረች። ጉልበቷን ያማታል እንጂ ልቧ የፈረስ ነው አለችኝ። ከአንድ ነጋዴ ጋር ስለ ብርድ ልብስ ተጣልታ እንዴት እንዳባረረችው በእናቴ ድምፅ እያስመሰለች ነገረችኝ። ሁለታችንም በሀይዌዩ ላይ እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። መልእክቷ ምንድን ነው ብዬ ለማውጣጣት ብሞክር፣ አፍህን ዝጋ፣ ነገ ታየዋለህ አለችኝ።

ቅዳሜ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ሐጂና ሁለቱ ሰዎች መጡ። አልጠራኋቸውም፤ ግን የፊልም ነገር ሰምተው ለማየት የመጡ መሰለኝ፤ ደስም አለኝ። ሃሊና መጋረጃውን ከፈተች፤ ሶፋውን አንቀሳቀሰች፤ ቴሌቪዥኑን ካመጣችው ማጫወቻ ጋር አገናኘች። እኔን ሶፋው ላይ አስቀምጣ ካሜራውን በቴሌቪዥኑ ጎን ፊቴ ላይ አነጣጠረች። ሐጂንና ሰዎቹን ከኋላዬ፣ ከወጥ ቤቱ በር ላይ አቆመቻቸው፤ ራህመትም እዚያው ቆመች። “ማየት ትችላላችሁ፤ ድምፅ ግን የለም” አለቻቸው። ሸሚዜ አንገት ላይ ትንሽ ማይክ ሰካችብኝ። ሌላ ረዘም ያለ ማይክ ካሜራው ላይ አለ። ከዚያ ትልቁን ጆሮ ማዳመጫ ራሷ ላይ ደፋች። የቤቱ ድምፅ ሁሉ፣ እኛ የማንሰማው ሳይቀር፣ በዚያ በኩል ጆሮዋ ውስጥ ይገባል።

እናቴ ታየች። የአልጋ ቤቱ ግቢ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ቶሎ ቶሎ ሻሿን ታስተካክላለች፤ ካሜራ ማየት ታፍራለች። አርጅታ ነበር። ድምፅዋ ግን ያው ነው፤ ሾፌር ከአልጋ የሚቀሰቅሰው ድምፅ። ቤተሰቡን በየስሙ እየጠራች ሰላም አለችልኝ። ራህመትን መረቀቻት። ወፍረሃል አሉኝ፣ አልሃምዱሊላህ፣ አለች። እኔ ሳቅሁ። ከዚያ ካሜራውን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብላ አየችው።

“ይመር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ” አለች። “በጓሮ በኩል ያለችውን ክፍል፣ ያንተን፣ እስከ ዛሬ አላከራየኋትም። አልጋ ሞልቶ ሰው መሬት ሲተኛ እንኳ እሷን እንደ ቆለፍኳት ነው የማድረው። ወንድምህ ሞኝ ነሽ ይለኛል። አንተ እውነቱን ንገረኝ። ተመልሰህ የምትኖርባት ከሆነ እጠብቃለሁ። የማትመለስ ከሆነ አከራያታለሁ። ወላሂ አልቆጣም። ብቻ ዘንድሮ አትበለኝ።”

ይህን ብላ ከት ብላ ሳቀች። ሳቋ ላይ ምስሉ ቆመ።

ሃሊና በእጇ ምልክት ሰጠችኝ፤ መልስ ማለቷ ነው። እኔ ዝም አልኩ። ለምን ዝም እንዳልኩ ልንገራችሁ። ያን ሁሉ ዓመት እናቴ ጠይቃኝ አታውቅም፤ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። በዚያች ደቂቃ ግን መልሱ ተዘጋጅቶ የሚጠብቀኝ ይመስል ቁልጭ ብሎ መጣልኝ። እንደምጠይቃት፣ እንደማያት አውቃለሁ፤ ኮምቦልቻ ተመልሼ ግን አልኖርም። ክፍሏን አከራዪያት ልላት ነው።  ቀለለኝ። እናቴን እንደ ትልቅ ሰው ላናግራት የመጀመሪያዬ ነበር።

ከጀርባዬ የሆነውን ያወቅሁት በኋላ ነው። ሐጂ ሰይድ የሞተ ሰው ስም ሲነሣ ዱዓ ሳያደርጉ ማለፍ አይችሉም። ልማድ ነው፤ ከንፈራቸው ራሱ ይንቀሳቀሳል። የእናቴ ሳቅ ሲቆም መዳፋቸውን በትንሹ ዘርግተው፣ ለራሳቸው እንኳ በማይሰማ ድምፅ “አላህ ጀነት ያስገባት” አሉ። አጠገባቸው የቆመችው ራህመት አልሰማችም። እኔም አልሰማሁም። ካሜራው ላይ ያለው ማይክ ግን ሰማ፤ ሃሊናም ጆሮ ማዳመጫዋ ውስጥ ሰማች። ያን ዱዓ በሕይወት ላለ ሰው እንደማንለው የምታውቅ ፈረንጅ ናት። እናቴ ቤት ስንት ለቅሶ ተቀምጣለች።

በካሜራው ውስጥ ወደ ሐጂ አየች። ሐጂም እንደሰማች ገባቸው። ዝም በይ ለማለት ራሳቸውን በትንሹ ነቀነቁ። ይህ ሁሉ የሆነው እኔ አንድ ትንፋሽ በሳብኩበት ጊዜ ነው።

“እማዬ” አልኩ። “ክፍሏን…”

ምራቄን ልውጥ ቆም አልኩ። የሃሊና መዳፍ ያን ጊዜ መጥቶ የካሜራውን ዓይን ሸፈነው።

“ምነው፣ ባትሪ አለቀ?” አልኩ።

 ቀና ብዬ ሳያት ጆሮ ማዳመጫው ራሷ ላይ እንዳለ እንባዋ ይወርዳል። እኔ መልሱ ልቧን ነክቶት መሰለኝና ፈገግ አልኩ። ገና ምንም አላልኩም እኮ ልላት ነበር። ከዚያ ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ራህመት በሻርፗ አፏን ይዛለች። ሁለቱ ሰዎች መሬት መሬት ያያሉ።  ሐጂ ወደ እኔ ለመምጣት ሲነሡ እኔ ጨርሼ አውቄ ነበር። “ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን” አሉና ትከሻዬን ያዙ። “ይመር ልጄ፣ እኛ እንኳ አንዴ በደስታ እንድታያት ብለን ነው።”

ምን እንዳደረግሁ በደንብ አላስታውስም። ቴሌቪዥኑ ላይ እናቴ አፏን ለሳቅ ከፍታ እንደ ቆመች ነበረች፤ ማንም ያጠፋት አልነበረም። ወደ እሷ ሄጄ መልሴን ልጨርስላት እንደሞከርኩና ራህመት እንደያዘችኝ ነግረውኛል።

ወሬው በፎቁ አሳንሰር ወጣ ወረደ። ገና ሳይመሽ ቤቱ ሞላ። ሴቶች ምንጣፍ አነጠፉ፤ ከየቤቱ ድስት መጣ። ለእሑድ ማለዳ የተዘጋጀው ሁሉ በአንድ ቀን ቀደመ። እኔ ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ፣ የሚገባው ሁሉ አላህ ሶብሩን ይስጥህ እያለ እጄን ይይዛል። ድንገት ቀና ስል ሃሊና ወጥ ቤት ውስጥ ካሜራዋን ታቅፋ ቆማ አየኋት። ሰው በአጠገቧ እየተላለፈ ውሃ ይቀዳል፣ ሰሃን ያወጣል። እናቴ ለእሷም እንደ እህት፣ እናት ለመባልም ምንም ያልቀራት ነበረች። መርዶዋን የሰማችው ብቻዋን፣ በጆሮ ማዳመጫ ነው። ለእሷ ሰው ሰብስቦ የነገራት የለም፤ ለማጽናናትም ማንም አላሰባት። ሥርዓት እናውቃለን የምንለው እኛ፣ ሁለት ሐዘንተኛ ባለበት ቤት አንዱን ብቻ አይተን ነበር።

“ሀሊማ፣ ነይ” አልኳት። መጥታ ከጎኔ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ለሚገባው ሁሉ እሷንም አጽናኑ፣ የእናቴ እህት ናት አልኩ። ሰው መጀመሪያ ግር አለው፤ ከዚያ ግን እሷንም እጇን እየያዘ ሶብሩን ይስጥሽ ይላት ጀመር። እሷም እንደ ወሎ ሴት “አሚን” ትላለች።

ለቅሶው እስኪነሣ ከእኛው ጋር ሰነበተች። አንድ ቀን ሰው ቀለል ሲል፣ ለምን እንደሸፈነችው ጠየቅኋት።  ስለ ማዕድን ሠራተኞቹ ሚስቶች ፊልም ነገረችኝ። አንዷ ሴት ባሏ ጉድጓድ ውስጥ መቅረቱን የሰማችው ሃሊና እየቀረጸቻት ነው። ሃሊና አልዘጋችም። ያ ፊልም ሽልማት አገኘ፤ ስሟን ያስጠራው እሱ ነው። ሴትዮዋ ግን ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ስታገኛት እንኳ ፊቷን ታዞርባት ነበር። “በዚያ ፊት ነው እንጀራዬን የበላሁት” አለችኝ። “ያንተ ፊት ደግሞ ሁለተኛው ሊሆን ነበር። ዘይነባ ምን ትለኛለች?”

የቀረጸችውን ካሴት ለእኔ ሰጥታኝ ወደ አገሯ ሄደች። የእናቶቹን ፊልም አልጨረሰችም፤ ከዚያ ወዲያም ሌላ ፊልም አልሠራችም። ለምን አቆምሽ ሲሏት አረጀሁ ትላለች አሉ።

ካሴቱን ለማየት ዓመታት ፈጀብኝ። ፊቴ ይታያል፤ ስቄ፣ ዝም ብዬ፣ ‘እማዬ’ ስል። ከዚያ የእጇ ጥቁረት ይመጣል። ድምፁ ግን አልተቋረጠም። ባትሪ አለቀ ብዬ ስጠይቅ ይሰማል። ቀጥሎ ረጅም ዝምታ አለ፤ ከፎቃችን ሥር የሚያልፈው የከተማ ባቡር ደወል ብቻ ይሰማል። ሰው እናትህ መቼ ሞተች ሲለኝ ማክሰኞ እላለሁ። ለእኔ የሞተችው ግን እዚያ ጨለማ ውስጥ ነው።

አንባቢዎቼ፣ ይህ ገጠመኝ ምን ለወጠብህ ብትሉኝ፣ አሁን ለመርዶ ሲጠሩኝ የምከራከር ሰው ሆኛለሁ። ሐጂ ሰይድ በማለዳ ይሁን ይላሉ፤ ሰው ይሰብሰብ ይላሉ። ሰው መሰብሰቡ ጥሩ ነው፤ መርዶ ብቻውን የሚሰማ ሰው ምን እንደሚመስል አይቻለሁ። ደስታውን እንዳናበላሽበት ተብሎ ሲቆይ ግን እቃወማለሁ። ሐጂ አይቆጡኝም። “አንዴ ስቀህ አየሃት እኮ” ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ያን ሳቅ ማንም አይወስድብኝም፤ የሰጡኝም እሳቸው ናቸው። እዚህ ላይ ነው የምቸገረው። ሐጂ በፍቅር ደበቁኝ፤ ሃሊና በፍቅር ሸፈነችኝ። አንዳቸውም አልበደሉኝም። በሁለቱ ፍቅር መካከል ግን የእናቴ ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ። መዳፏን ለትንሽ ጊዜ፣ ሁለት ቃል እስክናገር ብቻ፣ ብታዘገየው ኖሮ እላለሁ። ያን ጊዜ ለእኔ እናቴ በሕይወት ነበረች። መልሱን ሕያው ለሆነች እናት ብዬው አርፍ ነበር።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ሃሊና ደወለችልኝ። ታማለች፤ ድምፅዋ ሰልሏል። አማርኛዋ ግን አልጠፋባትም፤ ሐኪሞቿን በሾፌር ስድብ ሰደበችልኝ። ስንስቅ ቆየንና ድንገት ጠየቀችኝ።

“ያን ቀን ባልሸፍነው ምን ልትላት ነበር?”

ለማንም አልተናገርኩትም ነበር፤ ለራህመት እንኳ። የፋብሪካው መኪና ማቆሚያ ላይ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ፣ ለእናቴ እንደምነግራት አድርጌ ተናገርኩት። “እማዬ፣ ክፍሏን አከራዪያት። ልጠይቅሽ እመጣለሁ፤ ለመኖር ግን አልመለስም። ይቅር በይኝ” አልኩ።

  ሃሊና በኮምቦልቻ አማርኛዋ፣ ቀስ ብላ፣ መለሰችልኝ።

“እሺ፣ ልጄ። አከራያታለሁ። አልተቆጣሁም።”

እናቴ የምትለው ይህንኑ ነበር፤ አንድ ቃል አይጨመርበትም አይቀነስበትም። ድምፁ ግን የእናቴ አልነበረም።